የአያ ወንዴ ፖስት ካርድ

በእኛ አገር ለእንቁጣጣሽ ሴት ልጅ ትዘፍናለች፣ ወንድ ልጅ ይሥላል። እኔ ግን ሴት ሆኜ ሣልሁ። ድምፄ ከቁራ ስለማይሻል ነው፤ ሰው ሳይቀድመኝ ራሴ ልናገረው። እናቴ ምሥራቅ እስከ ዛሬ «ልጄ ድምፅማ ነበራት፣ አባቷ ነው በቀለም ያበላሻት» ትላለች።

አባቴ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነው። ለገጠር አብያተ ክርስቲያናት በሸራ፣ ላሊበላን ሊያይ ለሚመጣ እንግዳ ደግሞ በብራና ይሥላል። ቤታችን ባለ ደርብ ክብ የድንጋይ ቤት ነው። ከታች፣ ብርሃን በሚገባበት በር አጠገብ አባቴ ይሠራል፤ ያለቀው ሥዕል ደርብ ላይ ወጥቶ ይደርቃል። ያደግሁት እዚያ በር ላይ፣ ቀለም በሚበጠበጥባቸው ቆርኪዎች መሐል ነው። ከፊደል በፊት የተማርሁትም የአባቴን ሕግ ነበር፤ ጻድቅ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ሰይጣንና ይሁዳ፣ ሰማዕታትን የሚያሠቃዩት ወታደሮችም በጎን ይሣላሉ፣ አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። በላስታ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል አይቶ ደጉን ከክፉው ለመለየት ቄስ አይጠይቅም፤ ዓይኑን አይቶ ያውቀዋል።

ያ ዓመት ሁለት ሺህ የሚገባበት ነበር። «ሚሌኒየም» የሚለው ቃል ያልተጻፈበት የሱቅ በር አልነበረም። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ዘመኑ የሚለወጠው ለእኔ ሲባል ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ወንዶቹ በየዓመቱ የሚሥሉትን ፀሐይና አበባ፣ ክንፉ የተንጋደደውን መልአክም ናቅሁና ለእያንዳንዱ ሰው የገዛ ፊቱን ልሥልለት ቆረጥሁ። ከሱቅ የሚገዛው ፖስት ካርድ ላይ ያለችው ፈረንጅ ሕፃን ማንን ትመስላለች? የእኔ ፖስት ካርድ ላይ እናቴ እናቴን፣ ጓደኛዬ ሀፊዛም ሀፊዛን ትመስላለች። ከአባቴ የለመንሁትን ካርቶን በመቀስ ቆራርጬ፣ ለሁለት አጥፌ፣ ከፊት ለፊቱ ባለቤቱን እሥላለሁ፤ ውስጡ «እንኳን አደረሰዎ» ብዬ የምጽፈው በመጨረሻ ነው።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ የእናቴ ታናሽ ወንድም አያ ወንዴ ከኩልመስክ መጣ። መምጣቱን ያወቅሁት ጠዋት ደርብ ላይ ስወጣ ከሥዕሎቹ መሐል ተኝቶ አግኝቼው ነው። ደስታዬ ሊገድለኝ ደረሰ። ከሰው ሁሉ እሱን እወድ ነበር፤ በመጣ ቁጥር ከወንዝ ዳር የቆፈረውን ቀይና ቢጫ አፈር በጨርቅ ቋጥሮ «ለቀለምሽ» እያለ ያመጣልኛል። ያን ቀን ግን ምንም አልያዘም።

«አያ ወንዴ አሞታል» አለችኝ እናቴ። «ኩፍኝ ነው። የወጭ ወራጅ ዓይን ያባብስበታል። እዚህ መሆኑን ለማንም እንዳትናገሪ፣ ለሀፊዛም።»

በሽተኛ ከእንግዳ ዓይን መሸሸጉን አውቃለሁ፤ እኔም ሲያመኝ ተሸሽጌያለሁ። ፊቱ ላይ አንድም ሽፍታ አለመኖሩ አላሳሰበኝም።

አያ ወንዴ ሰው ገድሎ ነበር። ግንቦት ላይ ከብቶቹ ሰውአገኝ በሚባል ጎረቤቱ የበልግ ገብስ ውስጥ ገቡ፤ ባለ ገብሱ ከብቶቹን እየደበደበ ሲያወጣ ተሰዳደቡ፤ አያ ወንዴ በሽመል ራሱን መታው። አንድ ጊዜ ነው የመታው ይላሉ። ፖሊስ ይፈልገው ነበር፤ እናትና አባቴን እህል ውኃ የከለከላቸው ግን ፖሊስ ሳይሆን የሟች ወንድም ቃለሕይወት ነው። ቃለሕይወት የወንድሙን ደም ሳይመልስ ፀጉሩን ላይቆረጥ ምሎ፣ ክረምቱን ሙሉ ከቆላ ቆላ ሲያሳድደው ከረመ። አያ ወንዴም መሄጃ ሲያጣ እኅቱ ቤት ገባ። ቃለሕይወት ካገኘው እንደሚገድለው ከእኔ በቀር በቤቱ የማያውቅ አልነበረም። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አያ ወንዴን ለመሣል ሦስት ጊዜ ደርብ ላይ ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ የሚቀመጠው ትንሿ መስኮት ሥር ነው፤ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ አንገቱን ወደ መንገዱ አዙሮ።

«አያ ወንዴ፣ ወደኔ ዙር።»

«እዚሁ ሆኘ ሣይኝ፣ ወለላየ።»

«ፊትህ አይታየኝም እኮ።»

«ግማሹ ይበቃል።»

«ምን እያየህ ነው?»

«መንገዱን።»

«ማን ሊመጣ?»

«የማላውቀው ሰው ቢመጣ ደስ ይለኝ ነበር» አለ።

እንግዳ የናፈቀው መሰለኝ። አለመዞሩ ቢያናድደኝም ሣልሁት። የአፍንጫውን አጥንት፣ ያልተላጨ አገጩን፣ ከጉንጩ በታች ያለችውን የሚርገበገብ ሥር ሣልሁ። ከዚያ ዓይኑን፣ አንዱን፣ ቁልቁል ወደ መንገዱ እንዳፈጠጠ አደረግሁት። ዛሬ ኑሮዬ የሰው ፊት መሣል ነው፤ እውነቱን ለመናገር እንደዚያ የመሰለ ፊት ከዚያ ወዲህ አልሣልሁም።

አባቴ ካርዱን ሲያየው ብሩሹን አስቀመጠ።

«ይህን ማን አየው?»

«ማንም።»

«አንድ ዓይን ለማን እንደሚሣል አላስተማርሁሽም?»

«ለይሁዳ።»

«ታዲያ?»

«አልዞር አለኛ።»

«ቅደጅው» አለ።

እናቴ ምጣዷን ትታ ከጓዳ ብቅ አለች። «ኧረ መሪጌታ፣ የልጅ ነገር ነው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም።»

«የበቃ ዕለት ነው የምፈራ» አላት አባቴ።

ለሕጉ የተቆጣ መሰለኝ። አባቴ ግን የደነገጠው ለዓይኑ አልነበረም። ቤቱ ሁሉ የሸሸገው ሰው፣ ያየው ሁሉ እንዲለየው ሆኖ በካርቶን ላይ ወጥቶ ነበር። ይህን ቢነግረኝ ያኔውኑ በጥርሴ በቀደድሁት። አልነገረኝም፤ እኔም እንዲህ የመሰለልኝን ሥዕል ለአንድ ዓይን ብዬ አልቀድም አልሁ። ተሸሽጌ ሁለተኛ ዓይን ልጨምርለት ሞከርሁ። የምጨምርበት ቦታ ላይ ጆሮው ነበር። ቢቸግረኝ መደቡ ላይ ከተደረደሩት ካርዶች ሁሉ ሥር ሸጎጥሁት።

ጳጉሜን ሦስት ሩፋኤል ነው። የዚያን ቀን ዝናብ ከጣለ ልጅ ሁሉ ልብሱን አውልቆ ይታጠብበታል፤ ጠበል ነው፣ ያድናል። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ፤ ከሀፊዛ ጋር በግልገል ሱሪ ወጣን። ሀፊዛ ሙስሊም ብትሆንም ዝናብ ሃይማኖት አይጠይቅም። እየተሯሯጥን ቀና ስል ከደርቡ መስኮት አንድ እጅ ወጥቶ አየሁ። አያ ወንዴ መዳፉን ዘርግቶ ዝናቡን ያጠራቅማል፤ ሲሞላለት ያስገባዋል፣ ደግሞ ያወጣዋል። ፊቱን እየታጠበበት መሆኑ ገባኝ። «ና ውጣ፣ ያድንሃል» ልለው አፌን ከከፈትሁ በኋላ የእናቴ ቃል ትዝ አለኝና ዘጋሁት።

ዞር ስል ከቤታችን በታች፣ ከወይራው አጠገብ አንድ ሰው ቆሟል። ዛፉ ሥር እንደመጠለል ዝናቡ ላይ ነው የቆመው። ፀጉሩ ጎፍሯል፣ ጢሙ አድጓል፣ ጋቢው ውኃ ጠጥቷል። እሱም ወደ መስኮቱ ያያል።

ባሕታዊ ነው አልሁ። በላሊበላ ፀጉሩ ጎፍሮ ዝናብ ላይ የሚቆም ሰው ሌላ ምን ይሆናል? ሮጬ ሄጄ ጎንበስ አልሁ፤ መስቀል እንዲያሳልመኝ ነበር። አላሳለመኝም።

«የመሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ቤት ይህ ነው?» አለ።

«አባቴ ናቸው» አልሁና እጁን ይዤ ወደ ቤት ወሰድሁት። ያን ሻካራ ቀዝቃዛ እጅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ባሕታዊ ቤቴ አስገብቼ በረከት የማገኝ መስሎኝ ኮርቼ ነበር።

«አባየ፣ ባሕታዊ መጡ።»

አባቴ ብሩሹን እንደያዘ ቀና አለ። ሰውየውን አየው፤ ከዚያ እጁን የያዝሁትን እኔን አየ።

«እንደምን ዋሉ መሪጌታ። ቃለሕይወት እባላለሁ፣ ከኩልመስክ ነኝ።»

«ቤት ለእንግዳ» አለ አባቴ። «ወለላ፣ ሀፊዛ ቤት ሂጅ።»

«ትቀመጥ» አለ ሰውየው። «ራቁቷን ወዴት ትሄዳለች፣ ይበርዳታል።»

ጋቢ ለብሼ አባቴ አጠገብ ተቀመጥሁ። ሰውየው መደቡ ላይ ተቀመጠ። ቀኝ እጁን ከጋቢው ሥር አላወጣም፤ የበረደው መሰለኝ።

«ሥዕል ፈልጌ ነው» አለ። «ለወንድሜ ነፍስ፣ ላገራችን ቤተ ክርስቲያን የምሰጠው።»

«ነፍስ ይማር። ምን ይሣልለት?»

«ሚካኤል ነፍስ ሲመዝን። በሚዛኑ ባንዱ በኩል ወንድሜን ያድርጉልኝ። በሌላው በኩል ማንን እንደሚያደርጉ እርስዎ ያውቃሉ።»

«የሚመዝነው መልአኩ ነው፣ ልጄ» አለ አባቴ። «ሰዓሊ አይመዝንም።»

ከላይ የደርቡ እንጨት ጮኸ። ሰውየው ዓይኑን ወደ ጣራው አነሣ።

«ማን አለ ላይ?»

«የሚደርቅ ሥዕል ነው ያለ።»

ዝናቡ በር ላይ ይወርዳል። ሰዎቹ በሥዕሉ ሥራ ያልተስማሙ መስሎኝ ነበር። ሰውየው ጎኑ ያሉትን ካርዶች አያቸውና «ይህን ማን ነው የሣለው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልሁ። «የእንቁጣጣሽ ፖስት ካርድ ነው። ሰዉ የገዛ መልኩን ነው የምሰጠው።»

በግራ እጁ አንድ በአንድ ማንሣት ጀመረ። ግራኝ ነው አልሁ በሆዴ።

«ይህች?»

«እማየ።»

«ይህስ?»

«አባየ ናቸው።»

«ይህችስ?»

«ሀፊዛ።»

የመጨረሻውን አነሣ። አባቴ ቀለም መበጥበጡን አቆመ። ሰውየው ካርዱን ወደ በሩ ብርሃን አዞረና ብዙ አየው።

«ይህስ?»

የፈራሁትን ልናገር። እኔ የፈራሁት ለአያ ወንዴ አልነበረም። አባቴ ቅደጅው ያለኝ ካርድ ሳይቀደድ መገኘቱ ነው ያስፈራኝ። አያ ወንዴ ነው ካልሁ እናቴ አትናገሪ ያለችኝን መናገሬ ነው። አላውቀውም ብል የማላውቀውን ሰው እንዴት ሣልሁ? አባቴ ፊት፣ እንግዳ ፊት፣ የተበላሸውን ሥዕሌን ሆን ብዬ የሣልሁት ለማስመሰል አንድ ነገር ብቻ መጣልኝ።

«ይሁዳ ነው» አልሁ።

«ይሁዳ?»

«አንድ ዓይን ያለው ይሁዳ ነው። አባየ ናቸው የነገሩኝ።»

ሰውየው ወደ አባቴ ዞረ። «መሪጌታ፣ እርስዎ ነዎት ያሉ?»

አባቴ ሰውየውን አላየውም፤ እኔን ነው ያየኝ። እንደሚመታኝ ጠበቅሁ። «አዎ» አለ። «እኔ ነኝ ያልሁ።»

«እሱስ ያውቃል?»

«ከማንም በፊት የሚያውቀው እሱ ነው።»

አባቴ ያን ጊዜ ስለ ሥዕል ሕጉ ይናገር ወይስ ስለ ደርቡ ሰውየ፣ ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። «የተጠየቅሁትን መለስሁ» ከማለት በቀር አልነገረኝም።

«ይህን ስጭኝ» አለኝ ሰውየው።

«የሰው ነው። ለእንቁጣጣሽ የምሰጠው ነው።»

«ለይሁዳ እንኳን አደረሰህ ትያለሽ?»

ካርዱን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ።

«እናቴ ትየው። በእንቁጣጣሽ ዕለት እመልስልሻለሁ» አለ። ካርዱን ጋቢው ውስጥ ከትቶ ወጣ። ሳያሳልመኝ መሄዱ ነው ያናደደኝ።

እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አባቴ የሆነውን በሹክሹክታ ነገራት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች፤ እንዳትጮህ ነው።

«ዛሬውኑ ወደ ነአኩቶ ለአብ ይሂድ» አለች። «ዋሻው ውስጥ መነኮሳቱ ያስጠጉታል።»

«አይቶታል፣ ምሥራቅ። መንገድ ላይ ይጠብቀዋል።»

«ይሁዳ አላችሁት? የናቴን ልጅ ይሁዳ አላችሁት?»

አያ ወንዴ ከደርቡ ወረደ። ከመጣ ጀምሮ በቀን ሲወርድ ያን ጊዜ ነበር ያየሁት። ሁሉን ከላይ ሆኖ ሰምቷል።

«የትም አልሄድም፣ እታለም» አላት። ከዚያ ፊቴ ተንበረከከ። «አንቺ ነሽ ያልሽኝ?»

«ዓይንህ አልመጣ ብሎኝ ነው» አልሁና ማልቀስ ጀመርሁ።

«አታልቅሽ። እጅሽ ያየውን ነው የሣለ።» ዓይኑን ወደ እናቴ አነሣ። «ሰኔን፣ ሐምሌን፣ ነሐሴን ‹እሱ ነው ቀድሞ የሰደበኝ፣ ልገድለው አልነበረም› እያልሁ ራሴን ስሸነግል ከረምሁ። ከሰው ሁሉ የምትወደኝ ይህች ልጅ ነች። እሷ እንዲህ ካየችኝ ሌላው እንዴት ያየኛል?»

ሥዕሉን አልወደደውም ማለት ነው ብዬ በማግሥቱ ሌላ ሠራሁለት። ፊት ለፊት፣ ዓይኖቹ እንደ መላእክት ዓይን ፊቱን የሞሉ። አይቶ መለሰልኝ። «ይህን የመሰልሁ ዕለት ስጭኝ» አለ። ተቀየመኝ ብዬ ልቤ ተሰበረ።

አባቴ እስከ በዓሉ ሽማግሌ ፍለጋ ሲወጣ ሲወርድ ሰነበተ። የሄደበት ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ የሟች ወገን እሽ ሳይል እርቅ የለም፣ ቃለሕይወት ያሰበውን ደግሞ የሚያውቅ የለም። እናቴ በእንቁጣጣሽ ዕለት እመልሰዋለሁ ያለውን ቃል እየደጋገመች ትጠይቀኛለች። ሲናገር ምን ይመስል ነበር? ስቋል? እጁ የት ነበር? እኔ እጁ በርዶት እንደነበር ነገርኋት። ያን ስትሰማ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች።

የእንቁጣጣሽ ጠዋት ካርዶቼን አስይዛ አስወጣችኝ። «ለሁሉም አዳርሽ። ሳልጠራሽ እንዳትመለሽ።»

ሀፊዛ ቤት ስደርስ እናቷ ካርዷን አይታ ሳቀች፤ ዳቦ ሰጠችኝ። ዳቦውን እየገመጥሁ ከአጥራቸው በላይ ሳይ በመንገዱ ነጭ የለበሱ ሰዎች ይወጣሉ። ከፊት መስቀል የያዙ ቄስ፣ ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከዚያ ጥቁር የለበሱ አሮጊት፣ ከአሮጊቷ ጎን ደግሞ ባሕታዊዬ አለ። ፀጉሩ አሁንም አልተቆረጠም። ካርዴን ሊመልስልኝ መጣ ብዬ እየሮጥሁ ወረድሁ።

ከደጃችን ስደርስ አያ ወንዴ፣ ከመስኮቱ ቄሱንና ሽማግሌዎቹን አይቶ ኖሮ፣ ከበሩ ወጣ። ባዶ እግሩን ነው፤ ነጠላ ወገቡ ላይ ታጥቋል፣ ማጅራቱ ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሟል። የበዓል ጨዋታ መሰለኝ፣ ልስቅ ነበር። አባቴ ግን አይስቅም። እናቴ በሩ ላይ መሬት ተቀምጣለች። አያ ወንዴ እስከ ቃለሕይወት እግር ሥር ሄዶ ጭቃው ላይ በግንባሩ ተደፋ።

«ማረኝ» አለ። «ስለ ማርያም ማረኝ። የወንድምህ ደም አለብኝ።»

ሌላ ነገር አልጨመረም። እሱ ነው የሰደበኝ አላለም።

የቃለሕይወት ቀኝ እጅ ጋቢው ሥር ነው። ከማዶ የሴት ልጆች ዘፈን ይሰማል። ቄሱ መስቀላቸውን አንሥተው ሊናገሩ ሲሉ ቃለሕይወት በግራ እጁ ከለከላቸው። እናቴ አንድ እጇን መሬት ላይ ዘርግታ ጭቃውን ጨብጣ ነበር። ለምን እንደምትጨብጠው አልገባኝም፤ ዳቦዬን ግን መግመጥ አቆምሁ።

የቃለሕይወት ቀኝ እጅ ወጣ። ካርዴን ይዟል።

«እናቴ አይታዋለች» አለ ለቄሱ። «የገዛ ቤቱ እንዲህ ብሎ ፈርዶበታል። እኔ ደግሜ አልፈርድበትም። ድንጋዩን አውርዱለት።»

ሽማግሌዎቹ ድንጋዩን አወረዱ። ሁሉም «ይቅር ለእግዜር» ሲሉ ጥቁር የለበሱት አሮጊት፣ የሟች እናት እሜቴ አመተ ጊዮርጊስ ዝም አሉ። ቄሱ ቢለምኗቸው «አፌ ይቅር ብሏል። ሆዴን አትጠይቁኝ» አሉና ፊታቸውን ወደ ድንጋዩ ግድግዳ አዞሩ።

ቃለሕይወት ካርዱን መለሰልኝ። እርጥበት አግኝቶት ቀለሙ ፈሷል። «አበላሸኸው» አልሁት። እናቴ ከእጄ ነጥቃ እሳት ውስጥ ከተተችው፤ በዓመት በዓል ሥዕሌ በመቃጠሉ ከዘመን መለወጫው ድግስ የማስታውሰው ልቅሶዬን ነው።

አያ ወንዴ በዚያው ሳምንት ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄዶ እጁን ሰጠ፤ ታስሮም ወጣ። ዛሬ ኩልመስክ ነው፣ አግብቶ ሁለት ልጆች ወልዷል። እርሻው ከቃለሕይወት እርሻ ጋር ይዋሰናል፤ ከብት ድንበር ሲያልፍ አንዳቸው ለሌላው ይመልሳሉ። ካደግሁ በኋላ ሄጄ አልዞር ስላልኸኝ ነው እንጂ ምንም አላወቅሁም ብዬ ነገርሁት። ሳቀ፤ አላመነኝም። «እግዜር በልጅ እጅ ይጽፋል» አለኝ። እኔ ባለሁበት ቤት በጎኑ ተቀምጦ አያውቅም፤ የትም ብቀመጥ ወንበሩን ወደኔ አዙሮ ፊት ለፊት ይቀመጣል።

እኔም በዚያው ሙያ ቀረሁ። ከገበያው መውጫ ላይ ትንሽ ክፍል ተከራይቼ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለምርቃት በሰው መልክ ፖስት ካርድ እሠራለሁ። የውጭ አገር እንግዳ ከጠፋ ወዲህ አባቴም በብራና መሣሉን ትቶ ካርቶን ይቆርጥልኛል።

ባለፈው ሰኔ ቃለሕይወት መጣ። ፀጉሩን አጭር አድርጎ ተቆርጧል፣ ሸብቷል። ልጁ ከነርስነት ትምህርት ልትመረቅ ነው፤ ፎቶዋን ሰጠኝና እንዴት እንዲሆን እንደሚፈልግ ነገረኝ። ነግሮኝ ከጨረሰ በኋላም አልሄደም። ጋቢውን ሰብስቦ እንደተቀመጠ ቀረ።

«የዚያን ቀን ሽጉጥ ይዠ ነበር» አለ። «ታውቂያለሽ?»

«ኋላ ነው የሰማሁት።»

«እጁን በመስኮት ሲያወጣ አይቸዋለሁ። አባትሽን አልፌ ደርቡ ላይ ልወጣ ነበር የገባሁ። ከዚያ ያን ካርድ አየሁ። አብሮሽ ከሚበላ፣ አቅፎ ካሳደገሽ ሰውየ ላይ አንዱን ዓይን ነፍገሽዋል። ልጅ እንኳ እንዲህ ያየችው ሰው፣ ከዚህ በላይ ምኑን ልግደለው ብየ ነው የተውሁት።»

ብሩሾቼን ወደ ጎን ሰበሰብሁ።

«እናቴ በጥር አረፈች። ልትሞት ስትል ምን አለችኝ? ‹የልጅ ጨዋታ አታሎህ የወንድምህን ደም ሸጠኸው ይሆናል› አለችኝ።» መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሌላው ሰው አይነግረኝም፤ የሣልሽው አንቺ ነሽ። አውቀሽ ነው ወይስ እንዲያው ልጅ ሆነሽ?»

እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። አልዞር ስላለኝ ነው፣ አባቴን ፈርቼ ነው፣ ኩፍኝ መስሎኝ ነበር። ይህን ሁሉ ለአያ ወንዴ ነግሬው አላመነኝም፤ ይህ ሰው ግን እንደሚያምነኝ አየሁ። ካመነኝ የወንድሙን ደም በልጅ ጨዋታ እንደለወጠ ያስባል። አያ ወንዴና ሁለቱ ልጆቹ የሚያድሩት ከሱ ቤት ማዶ ነው። ፈራሁ፤ በዚያ ዕድሜዬ መፍራት የነበረብኝን ፍርሃት ያን ቀን ፈራሁት።

«አውቄ ነው» አልሁት።

«ሰው መግደሉን?»

«ሁሉንም።»

ቃለሕይወት ብዙ አየኝ። ከዚያ ከሆዱ የወጣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ራሱን ነቀነቀ። «እግዜር ይስጥሽ» አለኝ። «ዛሬ እተኛለሁ።»

የልጁን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ትቶልኝ ወጣ። ብሩሽ አነሣሁና መልሼ አስቀመጥሁት።